የአባታችሁን ሸክላ ከማጫወታችሁ በፊት

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የድሮ ሸክላ ተረስቶ የሚገኝበት ቦታ ያው ነው። አልጋ ስር፣ ኮርኒስ ላይ፣ ጓዳ ውስጥ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ፣ ወይም በአባት ካፖርትና ሹራብ ተሸፍኖ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ለሙት ዓመት ቤት ሲጸዳ ወይም አሮጌው ቤት ሊፈርስ ሲል ነው። አባትየው አስተማሪ፣ ወታደር፣ የከባድ መኪና ሾፌር ወይም በደሴ መንገድ ላይ ቡና ቤት የነበራቸው ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ልጆች ሳጥኑን ይከፍታሉ፣ የጥላሁን ገሠሠን ስም ያነባሉ፣ ከዚያ ማጫወቻ ፍለጋ ይሮጣሉ።

እኔ ደግሞ ማጫወቻው ይቆይ ባይ ነኝ። ሸክላው 40 እና 50 ዓመት ሳይነካ ከቆየ እስከ ዛሬ ያተረፈው አለመነካቱ ነው። ትልቁ ጉዳት የሚደርስበት ከሳጥን በወጣበት ቀን፣ አቧራውን በእጅጌ ጠረግ አድርገው የተበላ መርፌ ሲያወርዱበት ነው። የመርፌ ጫፍ እጅግ ቀጭን ስለሆነ ሁለት ግራም እንኳ እዚያች ነጥብ ላይ ከባድ ጫና ነው። ድምፁ የተቀረጸበት ቀጭን መስመር፣ ማለትም ቦዩ ውስጥ አሸዋ ካለ ከመርፌው ጋር አብሮ እየፈጨ ይሄዳል። የተፈጨው ድምፅ ደግሞ በምንም አይመለስም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ማየት፣ መጠየቅ፣ ማጠብ፣ መርፌ ማስተካከል፣ ከዚያ ማጫወትና መቅዳት ነው።

አወጣጡ

ሳጥኑን የምትከፍቱት ኩሽና ውስጥ ወይም ፀሐይ ላይ አይሁን። ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ አንሶላ አንጥፉ። አይጥ የገባበት ከሆነ ጓንትና ማስክ አድርጉ፤ ይሄ ለሸክላው ሳይሆን ለእናንተው ጤና ነው። ሻጋታ የሸተተውንም እንደዚሁ።

ምንም ነገር ከማንሳታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ሳጥኑን እንዳለ፣ ከዚያ አንድ አንዱን ባወጣችሁ ቁጥር። የተደረደሩበት ቅደም ተከተል ራሱ ወሬ አለው። ከላይ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ አባት መጨረሻ ላይ ያዳመጧቸው ናቸው።

ሸክላ የሚያዘው በጠርዙ ነው። አንድ እጅ ከበቃችሁ አውራ ጣት ጠርዙ ላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች መሃሉ ላይ ካለው ክብ ወረቀት ስር። ቦዩ ላይ የጣት አሻራ ካረፈ የጣቱ ቅባት አቧራ ይስባል። ተደራርበው የተቀመጡትን እየጎተታችሁ አታውጡ፤ ወደ ላይ አንሱ እንጂ። የውስጥ ወረቀቱ ከሸክላው ጋር ከተጣበቀ ደግሞ አትላጡት። ለብቻው አስቀምጡት፣ ሲታጠብ ቀስ ብሎ ይለቃል።

ከቨሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ነገር ካለ፣ ስምም ይሁን ቀንም ይሁን «ለማስታወሻ» የሚል፣ አትሰርዙት፣ አታጽዱት። የተቀደደ ከቨር በስኮች አትለጥፉ። ስኮቹ በጊዜ ብዛት ቢጫ ይሆንና ሙጫው ወረቀቱን ይዞት ይሄዳል። ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይበቃዋል።

ምን እንደያዛችሁ እወቁ

ሦስት ዓይነት ነው የሚገጥማችሁ። ትልቁ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ በደቂቃ 33 ከሲሶ ዙር የሚሽከረከረው ኤልፒ ነው። ትንሹ፣ 17 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ፣ በደቂቃ 45 ዙር የሚሄደው ነው፤ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን ይይዛል። እኛ አገር ቤት የሚበዛው ይሄ ነው። ረዘም ያለ ዘፈን ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በጀርባው ይቀጥላልና «ተቆርጧል» ብላችሁ አትደንግጡ። አንዳንዱ ባለ 45 መሃሉ ላይ ሰፊ ቀዳዳ አለው፤ እሱ የፕላስቲክ ማስገቢያ ይፈልጋል። ያለ ማስገቢያ ከመሃል ፈቀቅ ብሎ ከተሽከረከረ ድምፁ ይዋልላል።

ሦስተኛው ጥንታዊው ባለ 78 ነው። ወፍራምና ከባድ ነው፣ ከወደቀ ይሰበራል። የተሠራበትም ነገር ሌላ ነው፤ አልኮል ያሟሟዋል። መርፌውም የራሱ ነው፣ የ45ቱ መርፌ ለሱ ቦይ በጣም ቀጭን ነው። ይህ ከገጠማችሁ ለይታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉት፣ ከሌሎቹ ጋር አታጥቡት። የአማርኛ ሸክላ ታሪክ የሚጀምረው በዚህ ዓይነቱ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄደው የተቀረጹት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነበር።

ሸክላው መቼ እንደታተመ ለማወቅ የመሃል ወረቀቱን ተመልከቱ። በአገራችን ሸክላ የማሳተም መብት ለረጅም ጊዜ በሕግ የአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ገደማ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ይህን ደፍሮ ጣሰና አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። ሸክላዎቹን መጀመሪያ ሕንድ አገር፣ በኋላም ሊባኖስ አሳትሞ ነው ያስመጣው። ፊሊፕስም ገባበት፤ አሊ ታንጎ እየተባሉ የሚጠሩት አሊ አብደላ ካይፋም ካይፋ ሪከርድስን ይዘው መጡ። አምሃ በ1967 ዓ.ም. ከአገር ወጣ። ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ገበያውን ካሴት ጠቀለለው። ስለዚህ አምሃ የሚል ወረቀት ካያችሁ በእነዚያ ስድስት ዓመታት ውስጥ የታተመ ነው ማለት ነው። ዓመቱ ባይጻፍበትም እንኳ ይህን ያህል ማጥበብ ይቻላል።

ከወረቀቱ ሌላ ቦዩ ካለቀ በኋላ ያለውን ባዶ ቦታ በብርሃን አዘንብላችሁ እዩ። እዚያ የተቀረጸ ቁጥር አለ። እሱንም ጻፉት፤ ወረቀቱ የተላጠ ሸክላ የሚታወቀው በዚያ ነው።

እናትን መጠየቅ

ይሄ ደረጃ ከሁሉም ቀላል ነው፣ ከሁሉም የሚዘለለውም እሱ ነው። አባት ካሉ ከአባት ጋር፣ ከሌሉ ከእናት ወይም ከአባት ጓደኞች ጋር ቡና ተፈልቶ ይቀመጣል። የስልኩ መቅጃ ይከፈታል። ሸክላው ገና አልተጫወተም፤ የሚታየው ከቨሩ ብቻ ነው።

ጥያቄው «ስለ ሸክላው ንገሩን» ከሆነ መልሱ «ምን ይነገራል፣ የድሮ ነው» ነው። አንድ አንዱን እጃቸው ላይ አኑሩት። ደብረ ሲና አንድ ቤት አብሬ ተቀምጬ ሳለ ልጅቷ ትንሿን ሸክላ ገልብጣ፣ «እማዬ፣ ይሄ የአባባ ጽሑፍ ነው እንዴ?» አለቻቸው። እናት መነጽራቸውን አደረጉና ሳቁ። «የአባትሽ ጽሑፍ እንዲህ መች ያምራል! ሚዜው ነው የጻፈው። ለሰርጋችን ያመጣው ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ይቺኑ ብቻ ሲያስጮሃት አደረ።» በአንዲት ሸክላ የሰርጉ ዘመን፣ የሚዜው ማንነት፣ ማጫወቻው ከማን እንደተዋሰ ሁሉ ወጣ። ልጅቷ ያን ሁሉ ከዚያ በፊት አልሰማችም ነበር።

የሰሙትን ዝርዝሩ ላይ ከሸክላው ስም አጠገብ ጻፉት። ደብተርም ይሁን ኤክሴል ለውጥ የለውም።

እጥበቱ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

የደጋው ሰው ቤት የቆየ ሸክላ ላይ ያለው ቆሻሻ አቧራ ብቻ አይደለም። ኩበትና እንጨት በሚነድበት ቤት ጭሱ ከቅባት ጋር ተቀላቅሎ ይለጠፋል። ከቨር ውስጥ የነበረ ሸክላ እንኳ አይተርፍም። ሸክላውን ወደ መስኮት አዙራችሁ በአግድም ብርሃን ስታዩት ጥቁሩ ፊት ያብለጨልጫል ብላችሁ ስትጠብቁ ደብዘዝ ብሎ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ውሃ ጠብ ብታደርጉበት እንደ ጤዛ ተሰብስቦ ይቀራል እንጂ አይዘረጋም። ጥላሸቱ ነው የሚከለክለው። ስለዚህ ውሃ ብቻውን አይሠራም፣ ሳሙና ያስፈልጋል።

የሚያስፈልጋችሁ ነገር ብዙ አይደለም። የተጣራ ውሃ፣ ከፋርማሲ የሚገዛ ቀለምና ሽቶ የሌለው አልኮል፣ ላርጎ፣ ሁለት የመነጽር ዓይነት ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ለስላሳ ሰፊ ብሩሽ፣ የሰሃን ማንጠፍጠፊያ። በቃ።

ስለ ውሃው ላስረዳ። የቧንቧና የምንጭ ውሃ ማዕድን አለው፤ ሲደርቅ ነጭ ቅሪት ቦዩ ውስጥ ይተዋል፣ መርፌውም ያንን ያንኳኳዋል። ማፍላት ማዕድኑን አያወጣም። የታሸገ ውሃም ማዕድን አለው። የሚሻለው ነዳጅ ማደያና የመኪና ዕቃ መሸጫ የሚገኘው ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ነው። ስትገዙ ግን ጽሑፉን አንብቡ፣ ሻጩንም ደግማችሁ ጠይቁ። የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ጀሪካን ይሸጣል፤ እሱ እጅም ያቃጥላል።

ሦስት እጅ ውሃ፣ አንድ እጅ አልኮል፣ ለግማሽ ሊትር አንድ ጠብታ ላርጎ። አንድ ጠብታ ስል አንድ ነው። ላርጎ የበዛበት ሸክላ ተጣጥቦ አያልቅም። ሌላ ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ ለማለቅለቂያ ንጹሕ የተጣራ ውሃ ብቻ ያዙ።

ሸክላውን ንጹሕ ፎጣ ላይ አስተኙት። መጀመሪያ በደረቁ ብሩሽ ላዩ ላይ ያለውን ልቅ አቧራ ጥረጉ፤ እርጥብ ጨርቅ አሸዋ ላይ ካሳረፋችሁ እናንተው ቧጠጣችሁት ማለት ነው። ከዚያ ጨርቁን በድብልቁ አርሱትና ክቡን ተከትላችሁ ዙሩ። ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ አትጎትቱ። መጫን አያስፈልግም። የመሃል ወረቀቱ እንዳይርስ ሁለት ጣት ያህል ራቁለት፤ የዚያ ዘመን ቀለም ውሃ አይችልም። ድብልቁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆይበትና በብሩሹ ደግማችሁ ዙሩ። አሁን ጨርቁን ብታዩት ቡናማ ቀስት ቅርጽ ወጥቶበታል። በሌላኛው ንጹሕ ጥግ ድገሙት። ጨርቁ ነጭ እስኪቀር ድረስ ነው።

ከዚያ በንጹሕ ውሃ የራሰ ሁለተኛ ጨርቅ አምጡና አለቅልቁ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። የቀረ ሳሙና ሲደርቅ ድምፁ «ሽሽሽ» ይላል፣ ከዚያ «ሸክላው አልቋል» ይባላል። ማንጠፍጠፊያው ላይ በጠርዙ አቁሙት፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቁም። ፀሐይ ላይ አታውጡት፣ ምድጃ አጠገብም አታስጠጉት። ደብረ ብርሃን በጥቅምትና በኅዳር አየሩ ደረቅ ስለሆነ ፈጥኖ ይደርቃል። በክረምት አንድ ሌሊት ስጡት።

በዚያ በደረቁ ወቅት ሌላም ነገር አለ። ሸክላ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይይዝና አቧራውን ከአየር ላይ እየሳበ ያመጣዋል። ስለዚህ ከታጠበ በኋላ «ትንሽ ልወልውለው» የለም።

በነጠላ ጫፍ ወይም በጋቢ አትጥረጉ፣ ክር ይተዋል። በረኪና፣ ላምባ፣ ኦሞና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸክላው ክፍል ራሱ ይውጡ። በተለይ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ሸክላውን ይበላዋል። የእጅ ሳኒታይዘርም ጄል ስለሆነ ቅሪት ይተዋል።

ባለ 78ቱን አልኮል በሌለበት ድብልቅ፣ በፍጥነት፣ አንድ በአንድ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት።

የተጣመመ፣ የተጫረ፣ የተሰበረ

ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ኮርኒስ ላይ የኖረ ሸክላ ይጣመማል። «በብረት ካውያ ይስተካከላል» የሚላችሁን አትስሙ። ሁለት ጠፍጣፋ ወፍራም መስታወት መሃል አድርጋችሁ ላዩ ላይ እኩል የሚከብድ መጽሐፍ ጫኑና ለሳምንታት ተዉት። በሙቀት የሚስተካከለው በባለሙያ ማሽን እንጂ በቤት አይደለም። ጥቂት ሞገድ ያለው ሸክላ ሳይስተካከልም ይጫወታል።

ጭረት ጥፍር የማይዘው ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ትንሽ መንቆርቆር ነው። ጥፍር የሚይዘው መርፌውን ያዘልለዋል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው መርፌውን የሚይዘው የማጫወቻው ክንድ ላይ ሳንቲም መጫን ነው። እባካችሁ አታድርጉት። አንድ ዘፈን ለማሳለፍ ሲባል ሙሉው ገጽ ይታረሳል።

የተሰበረ ወይም ጨርሶ የተበላ ከሆነ ቶሎ አትዘኑ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያሰናዳው ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ ሲዲ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአምሃንና የካይፋን ሥራዎች በብዛት መልሶ አውጥቷል። የተሰበረው ዘፈን እዚያ ሊኖር ይችላል። ብዙ ያልወጣም አለ፤ ለዚህ ነው ያልተሰበሩትን እንዲህ የምንንከባከባቸው።

ማጫወቻው

ከሸክላው ጋር የአባት ማጫወቻ ከተገኘ ሶኬት ላይ አትሰኩት። ዓመታት ሳይሠራ የቆየ ዕቃ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትናንሽ ክፍሎች) ደርቀው ይሆናል፤ ድንገት 220 ሲገባባቸው ይፈነዳሉ። የሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ውሰዱትና በተከታታይ በታሰረ አምፖል እንዲሞክረው ጠይቁት። አምፖሉ ደምቆ ከበራ የሆነ ቦታ ሾርት አለ ማለት ነው፣ ዕቃው ግን አልተቃጠለም። ይህን ስትነግሩት ግራ የሚጋባ ከሆነ ሌላ ጠጋኝ ፈልጉ።

ከጀርባው የቮልት መምረጫ ካለ 220 ላይ መሆኑን እዩ። በድንጋይ የሚሠራ ዓይነት ከሆነ የድንጋዩን ቤት ክፈቱ፤ ውስጡ ተረስቶ የፈሰሰ ድንጋይ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ዝገቱን በደረቅ ብሩሽና በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አንሱት። የሚያሽከረክረው ቀበቶ ጎማ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ከሆነ በአልኮል ጥረጉና አዲስ አስገቡ። መሃል ያለው ዘንግ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይፈልጋል። የምግብ ዘይት አይደለም፤ ሲቆይ ይጣበቃል።

ከአሜሪካ የመጣ ማጫወቻ የራሱ ጣጣ አለው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ወደ 110 ያወርዳል፣ ፍሪኩዌንሲውን ግን አይቀይርም። እነሱ 60 ኸርዝ ናቸው፣ እኛ 50። ከመስመሩ ጋር እኩል የሚሽከረከር የድሮ ሞተር ካለው በስድስት እጅ አምስት ፍጥነት ነው የሚሄደው። 33 ከሲሶ የነበረው ወደ 28 ይወርዳል። የብዙነሽ በቀለ ድምፅ ወፍሮ የወንድ ከመሰላችሁ ችግሩ ሸክላው አይደለም።

አዲስ ለመግዛት ካሰባችሁ በሻንጣ መልክ የሚሸጠውን ርካሹን አልመክርም። ክንዱ ከባድ ነው፣ ብዙውን ጊዜ አምስት ግራምና ከዚያ በላይ ይጫናል። ክብደቱ የሚስተካከልና ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ግራም ተኩል የሚጫን መርፌ ያለው ያገለገለ ማጫወቻ ቢሆን ይሻላል።

መርፌው ግን አዲስ ይሁን። ማጫወቻው የአባት፣ መርፌው የዛሬ። የአልማዝ መርፌ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ያገለግላል፣ የድሮዎቹ የሰንፔር መርፌዎች ከዚያ በጣም ያነሰ። አባት ስንት ሰዓት እንዳጫወቱበት ማን ያውቃል? የአሮጌውን መርፌ ጫፍ በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ ብታዩ አንድ ጎኑ ተላጭቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታይ ይሆናል። ያ ስለት ነው።

ማጫወቻውን የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፣ ስፒከሩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አይሁን። ሳንቃ ወለል ከሆነ ሰው ሲራመድ መርፌው ይዘላል፤ ልጆቹን አስቀምጡ። መጀመሪያ የምታጫውቱት የማትሳሱለትን ሸክላ ነው። እሱ በደንብ ከሄደ ወደ ሌላው እለፉ። መብራት ድርግም ካለ መርፌውን አንሱና ሶኬቱን ንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚመጣው ኃይል አይታመንም።

መቅዳት

የመጀመሪያውን ማጫወት ባዶውን አታሳልፉት፣ ከተቻለ ቅዱት። ሸክላ በተጫወተ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይበላል፤ ከዛሬው የተሻለ ነገ አይገኝም።

ከማጫወቻው የሚወጣው ድምፅ ደካማ ነው፣ ባሱም በአቀራረጹ የተቀነሰ ነው። ስለዚህ መሃል ላይ ድምፁን የሚያጎላና ባሱን የሚመልስ ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባል ዕቃ ያስፈልጋል። ብዙ አዳዲስ ማጫወቻዎች ውስጣቸው አላቸው። ከፕሪአምፑ ወደ ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ፣ ከዚያ ወደ ላፕቶፕ። ኦዳሲቲ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ይበቃል። የድምፁን መጠን ከፍ ባለው የዘፈኑ ክፍል ላይ ከዜሮ በስድስት ዴሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲቆም አስተካክሉ። «እምምም» የሚል ድምፅ ከገባ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ቅዱ።

ፋይሉ ከድምፁ ምንም የማይቀንሰው ዋቭ ወይም ፍላክ ይሁን፣ ኤምፒስሪ ለዋትሳፕና ለቴሌግራም በኋላ ይሠራለታል። ዋቭ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ 16 ጊጋ ፍላሽ ከ20 ሰዓት በላይ ይይዛል፣ ስለ ቦታ አትጨነቁ። ድምፁን «ለማጽዳት» አትጣደፉ። የጩኸት ማጥፊያው ሲበዛበት ሳክስፎኑ ከቆርቆሮ ውስጥ እንደሚነፋ ይሆናል። ያልተነካውን ቅጂ ሁልጊዜ ለብቻ አስቀምጡ።

ስሙን ወረቀቱ ላይ እንዳለው ጻፉ፤ ዘፋኝ፣ ዘፈን፣ የባንዱ ስም ካለ፣ አሳታሚ፣ ቁጥር፣ ገጽ ሀ ወይም ለ። የክቡር ዘበኛ ወይም የፖሊስ ኦርኬስትራ የሚል ካለ አትተዉት። አንድ ቅጂ ቤት ይቀመጥ፣ ሌላው አዲስ አበባ ወይም ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት ጋ።

ይህ ሁሉ ዕቃ ከሌላችሁ ስልኩን ስፒከሩ ፊት አስቀምጣችሁ ቅዱ። ለእናት ይበቃቸዋል።

አቀማመጥ፤ ደጋና ቆላ

ሸክላ በጠርዙ ይቆማል፣ አይደራረብም። በጣም ሳይጠበቅ፣ ሳይጋደልም። የውስጥ ወረቀቱ ከተበላሸ ንጹሕ ነጭ ወረቀት አጥፋችሁ ኪስ ሥሩለት። ጋዜጣ ቀለሙ ይነካካል። ፌስታል ደግሞ እርጥበት ያፍናል፣ ሲቆይም ሸክላው ላይ ይለጠፋል።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ መሐል ሜዳም ብርድ ነው። የእናንተ ጠላት ሙቀት ሳይሆን የክረምት እርጥበትና የኩሽና ጭስ ነው። መሬት ላይ አታስቀምጡ፣ ከግድግዳው አራት ጣት አርቁ፣ ጭስ ከማይደርስበት ክፍል አድርጉ። በየመስከረሙ አንድ ጊዜ አውጥታችሁ ሻጋታ መኖሩን እዩ።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላላችሁ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ሙቀቱና ምስጡ ናቸው ችግሩ። በእንጨት ሳጥን ፋንታ የብረት መደርደሪያ፣ በቤቱ ቀዝቃዛ ክፍል፣ ፀሐይ የማይገባበት ግድግዳ በኩል። ከደብረ ብርሃን ወደ ቆላ ወይም ወደ አዲስ አበባ ስትወስዱ ሸክላ ፖርቶመጋላ ላይ አይጫንም። የተዘጋ መኪና ውስጥ መስኮት ስር ትታችሁ ምሳ ብትበሉ፣ ስትመለሱ ተጣሞ ታገኙታላችሁ። እግራችሁ መሃል አቁሙት።

ገዢ ሲመጣ

የ1960ዎቹ የኢትዮጵያ ሸክላ ውጭ አገር ፈላጊው ብዙ ነው፣ ጥሩ ዋጋም ያወጣል። ወሬው ከወጣ «አሮጌ ነው፣ ምን ይሠራላችኋል? ሳጥኑን እንዳለ ልውሰድላችሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። በጅምላ አትሽጡ። ዲስኮግስ የሚባለው ሸክላ የሚሸጥበት ድረ ገጽ ላይ በአሳታሚው ቁጥር ፈልጉ፤ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ዋጋ ተመልከቱ። ዋጋው የሚወሰነው በሁኔታው ነውና ቦዩ የጸዳ ሸክላና የተጫረ ሸክላ አንድ አይደሉም። መሸጥ ነውር የለውም፤ ግን ተቀድቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ እናት ተጠይቀው።

ሁለት ሁለት የሆኑ ካሏችሁ አንዱን ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ለመስጠት ማነጋገር ትችላላችሁ።

የሸክላው ባለቤት መሆን የዘፈኑ ባለቤት መሆን አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን፣ የዘፋኙንና የአሳታሚውን መብት ይጠብቃል። ለራሳችሁ መቅዳት አንድ ነገር ነው። ዩቲዩብ ላይ ጭኖ ገንዘብ መሰብሰብ ግን ሌላ ነው፤ ባለመብቱን ወይም ወራሾቹን ጠይቁ።

ወንድማማቾች ሲካፈሉ ሸክላውን ለየብቻ መበተን አልወድም። ቅጂው ለሁሉም ይድረስ፣ ሸክላው አንድ ቤት ይቀመጥ፣ ዝርዝሩ ላይም ማን ዘንድ እንዳለ ይጻፍ። ለሰርግና ለልደት «እስቲ አውሱን» የሚል ከመጣ ደግሞ ፋይሉን በቴሌግራም ላኩለት። ሸክላውን ካልሆነ አልሄድም ካለ ማጫወቻውን ይዞ ይምጣና መርፌውን መጀመሪያ እናንተ እዩት።